የተጻፈው ኮድና ያልተፈቀደው ስርጭት፦ የኤምፒ3 ፓተንትና የክፍት ምንጭ አበልጻጊዎች

የሶፍትዌር ፓተንት በክፍት ምንጭ ሥራ ላይ የሚያሳድረው ጫና ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው የፍርድ ቤት ክርክር ነው። የኤምፒ3 ታሪክ ግን ጫናው በአብዛኛው ከችሎት ውጭ እንደሚደርስ ያሳያል። ፓተንቱ አበልጻጊዎችን ኮድ ከመጻፍ አላገዳቸውም፤ ያገዳቸው የጻፉትን ለአገልግሎት ዝግጁ አድርገው ለተጠቃሚ ከማድረስ ነው።

የድምፅ ፋይልን የሚያሳንሰው የኤምፒ3 ስልት በዋናነት ጀርመን ኤርላንገን ከተማ በሚገኘው የፍራውንሆፈር ተቋም የዳበረ ሲሆን፣ በ1993 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ታትሟል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከደረጃው ጋር ለማሳያ የወጣውን ምንጭ ኮድ መነሻ አድርገው ብዙዎች የየራሳቸውን ኢንኮደር (ድምፅን ወደ ኤምፒ3 የሚቀይር ፕሮግራም) ሠሩ። በሴፕቴምበር 1998 ግን ተቋሙ ኢንኮደር ማሰራጨት የፓተንት ፈቃድና ክፍያ እንደሚጠይቅ የሚያሳውቅ ደብዳቤ ላከላቸው። ከነጻ ኢንኮደሮቹ በርካቶቹ ከዚያ በኋላ ከስርጭት ወጡ።

በዚያው ዓመት የተጀመረው ሌም የተሰኘው የኢንኮደር ፕሮጀክት የችግሩን ምንነት አጥርቶ ያሳያል። ሌም መጀመሪያ በማሳያው ኮድ ላይ የሚደረጉ ማሻሻያዎች ስብስብ ነበር። አበልጻጊዎቹ የማሳያውን ኮድ ደረጃ በደረጃ በራሳቸው ተኩ፤ በሜይ 2000 የቀረውም ወጥቶ አለቀ። በቅጂ መብት ረገድ ሥራው ሙሉ በሙሉ የእነሱ ሆነ። በፓተንት ረገድ ግን የተለወጠ ነገር አልነበረም። የቅጂ መብት የሚጠብቀው የተጻፈውን ኮድ ሲሆን ፓተንት የሚይዘው ስልቱን ነው፤ ኮዱን ከራስ አፍልቆ መጻፍ ከተጠያቂነት አያድንም። ስለዚህ ሌም ራሱን የመማሪያ መሣሪያ ብሎ ምንጭ ኮዱን ብቻ ማሰራጨት ቀጠለ። ውጤቱን የተሸከመው ተጠቃሚው ነው። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ሠርቶ በኤምፒ3 ማውጣት የፈለገ ሰው ሌምን ከሌላ ቦታ አውርዶ፣ ፋይሉ የት እንደተቀመጠ ለፕሮግራሙ ማመልከት ነበረበት። ኦዳሲቲ ሌምን አብሮ ማቅረብ የጀመረው በ2019 በወጣው 2.3.2 እትሙ ነው።

የክፍያው ሥርዓትም ከነጻ ስርጭት ጋር አይጣጣምም ነበር። ኤምፒ3ን ለሚያጫውት ዲኮደር በቅጂ 0.75 ዶላር ይከፈል ነበር። ማንም እያባዛ የሚያድለው ፕሮግራም ግን ስንት ቅጂ እንዳለው አዘጋጁ ራሱ አያውቅም። በዚያ ላይ ጂፒኤል የተባለው የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ ሁለተኛ እትም 7ኛ አንቀጽ፣ ፕሮግራሙን የተቀበለ ሁሉ ያለ ክፍያ ማሰራጨት ካልቻለ አዘጋጁ ከናካቴው እንዳያሰራጭ ያዛል። የሊኑክስ አዘጋጁ ሬድ ሃት በ2002 ከ8.0 እትሙ የኤምፒ3 ድጋፍን ያወጣው በዚህ ዓይነቱ ችግር ነው።

ፍራውንሆፈር ለዓመታት ለደከመበት ምርምር ዋጋ መጠየቁ አግባብ ነው የሚል ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩም መሠረት አለው። ነገር ግን መክፈልም ዋስትና አልነበረም። ማይክሮሶፍት ለፍራውንሆፈር 16 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ ከያዘ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2007 አንድ የአሜሪካ የሕዝብ ዳኞች ጉባኤ (ጁሪ) በኤምፒ3 ላይ የፓተንት መብት አለኝ ላለው ለአልካቴል-ሉሰንት ኩባንያ 1.52 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነበት። የችሎቱ ዳኛ የጁሪውን ውሳኔ የሻሩት በዚያው ዓመት ኦገስት ነው። ማይክሮሶፍት እንዲህ ያለውን ክርክር የሚችል የጠበቃ አቅም አለው፤ በትርፍ ጊዜው ኮድ የሚጽፍ ሰው ግን የለውም።

አማራጩ ከስልቱ መራቅ ሆነ። ዚፍ ኦርግ የተሰኘው ድርጅት ቮርቢስ የተባለውን የድምፅ ማሳነሻ ስልት በጁላይ 2002 በ1.0 እትም አወጣ። ኦፐስ የተባለው ሌላ የድምፅ ማሳነሻ ስልት በ2012 የኢንተርኔት ደረጃ ሲሆን ዚፍ ኦርግ፣ ብሮድኮምና ማይክሮሶፍት ፓተንቶቻቸውን ያለ ክፍያ ፈቀዱ። እነዚህ ስኬቶች ቢሆኑም፣ ከአበልጻጊዎቹ ድካም ከፊሉ ለድምፅ ጥራት ሳይሆን የሌላውን ፓተንት ላለመንካት የዋለ ነው።

የኤምፒ3 የፈቃድ ፕሮግራም በኤፕሪል 23 ቀን 2017 አበቃ። የሊኑክስ ስርጭት የሆነው ፌዶራ ለዓመታት ያላካተተውን ኢንኮደር በቀጣዩ ወር ለማካተት ወሰነ። በመካከሉ አዲስ ስልት አልተገኘም፤ የተነሣው ሕጋዊ እገዳው ብቻ ነው። የፓተንትን ጫና በክስ ብዛት የሚለካ ጥናት ይህን ሁሉ ዘመን ባዶ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ መመዘን ያለበት ተጽፎ ሳለ ሳይሰራጭ የቆየው ሥራ ነው።