ከወንበሩ ሥር ያለው ባትሪ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡት በሮልስ ሮይስ አልነበረም። በቮልስ ነበር፣ ያውም ከኋላ ተቀምጠው። ስለ ዘውዱ መቼም ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ ስለ ወንበሩ እናውራ፤ የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነውና።

ጀርመኖች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሠሯት ቮልስ በ6 ቮልት ነበር የምትሠራው። 12 ቮልት በብዛት የገባላት ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ወዲህ ነው። "ታዲያ ምን ለውጥ አለው?" ትሉ ይሆናል። ባለ 36 ዋት አምፖል በ6 ቮልት 6 አምፔር ይስባል፣ በ12 ቮልት ግን 3 ብቻ። አንድ የዛገ መገጣጠሚያ 0.1 ኦህም ቢያግድ በአሮጌዋ ላይ 0.6 ቮልት ይበላል። ከጠቅላላው 10 በመቶ ሄደ ማለት ነው! በ12 ቮልቷ ላይ የሚበላው 2.5 በመቶ ብቻ ነው። የአሮጌዋ ቮልስ መብራት ሻማ የሚመስለው አምፖሉ ስላረጀ ብቻ አይደለም፤ ዝገቱ ድርሻውን ስለወሰደ ነው።

መኪናዋ የጀርመን ትሁን እንጂ ጋራዥ ውስጥ የምትጠገነው በጣሊያን ቃል ነው። ካንዴላ ሻማ፣ ሞተሪኖ ትንሽ ሞተር፣ ፍሬቻ ደግሞ ቀስት ማለት ነው። የድሮዎቹ ቮልሶች ፍሬቻ እውነትም ከበሩ አጠገብ ብቅ የሚል ክንድ ነበር። ጀርመኖቹ በበኩላቸው የተዉልን ቁጥር ነው። የሽቦው ጫፍ የሚገባበት ቦታ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ 30 ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ፣ 15 ቁልፍ ሲዞር የሚነቃ፣ 50 ወደ ሞተሪኖ የሚሄድ፣ 31 ደግሞ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስ።

ችግሩ የሚጀምረው ቁጥሩን ማንበብ ስንተው ነው። አንዱ ባለቤት ሬዲዮ ያስገባል፣ ሌላው ጥሩምባ ይጨምራል፣ ሦስተኛው የጠፋ መብራት ፍለጋ አዲስ ሽቦ ይጎትታል። ሃምሳ ዓመት ሲሞላት ዳሽቦርዷ ሥር ያለው ነገር የወፍ ጎጆ ይመስላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ ነው። ነጩ ፊውዝ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር የሆነው በከንቱ አይደለም። ወረቀቱ ካልተቃጠለ የሚቃጠለው ሽቦው ነው፤ ቀጥሎም መኪናዋ። ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ባትሪ ክዳኑ ከጠፋ ደግሞ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፎች ይነካና ደረቁ ሙሌት በእሳት ይያያዛል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ሽቦ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው። መጀመሪያ ባትሪው ይፈታል። ከአካሉ ጋር የሚገናኘው ቦታ እስኪያብረቀርቅ ይፋቃል፣ የፊውዝ ማቀፊያዎቹም እንዲሁ። ከዚያ ከ30 ተነስቶ እያንዳንዱን ሽቦ እስከ መጨረሻው መከተል፣ መነሻና መድረሻ የሌለውን ማውጣት፣ የተቃጠለውን በልኩ ውፍረት መተካት። ሞተሯ ሲግል አልነሳም የምትል ከሆነ በ50 መስመር ላይ ሪሌይ ማስገባት ብዙ ጊዜ ይበቃል። የባትሪውን ክዳን መመለስም አይረሳ።

የመጨረሻዋ ቮልስ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርታ ወጣች፤ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥታችን የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ከእንግዲህ አይገባም አለ። መጪው ዘመን የኤሌክትሪክ ነው ማለት ነው። ቮልቱ በመቶዎች ቢቆጠርም የላላ መገጣጠሚያ መሞቁን አይተውም። ይህን በ6 ቮልት የተማሩ ሰዎች ዛሬም በየጋራዡ አሉ፤ ያስተማራቸው መጽሐፍ ሳይሆን እጃቸው ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ አባት ካሉ፣ እባካችሁ የቁጥሮቹን ትርጉም ጠይቋቸው። ጻፉትም።