ከጋፋት እስከ እንጦጦ፦ «ትንሽ እናስተካክላት»

ከየካ ሰፈሮች ቀና ብሎ የእንጦጦን ሸንተረር የሚያይ ሰው እዚያ ላይ ያለው ጉም፣ ባሕር ዛፍና ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሊመስለው ይችላል። የጠፈር ምርምር ጣቢያም አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ንጋት ላይ ባለሥልጣናትና ሳይንቲስቶች እዚያ ተሰብስበው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይናው ታይዩዋን ስትመጥቅ በቀጥታ ሥርጭት ተመለከቱ። የኢትዮጵያ መሐንዲሶች ተሳትፈውባት ቻይና ውስጥ የተሠራች ናት፤ ክብደቷ 72 ኪሎ።

ያኔ ሁላችንም ስለ ኩራት አወራን። ዛሬ ግን ስለ ኪሎዋ እናውራ። ማንኛውም አዲስ ምርት ከወረቀት ወደ ፋብሪካ ሲወርድ «እዚህ ጋ ትንሽ እናስተካክላት» የሚል ሰው አይጠፋም። ችግሩ ለውጥ ብቻዋን አትመጣም። የሳተላይት ካሜራ ከከበደ ሚዛኗ ይዛባል፤ ብዙ ኃይል ከፈለገ ባትሪው ይነካል። ለዚህ ነው መሐንዲሶች ንድፉን የሚቆልፉበት ቀን ያላቸው። ከዚያ ወዲያ ለውጥ የፈለገ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ለውጡ የሚነካቸው ባለሙያዎች ሁሉ አይተው ይፈቅዳሉ ወይም ይከለክላሉ። ሮኬቱ ከተነሣ በኋላ መካኒክ አይጠራማ!

ይህን ነገር አገራችን ከሳተላይቷ 150 ዓመት ቀደም ብላ በውድ ዋጋ አይታዋለች። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን መድፍ ሥሩ አሏቸው። ሰዎቹ የእጅ ባለሙያዎች እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። አንችልም ቢሉም የሚሰማቸው አላገኙም። እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸው ተማሩ። ሲሳካላቸው ንጉሡ ከፍ ያለ፣ ቀጥሎም ከዚያ የባሰ ትልቅ ፈለጉ። በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ።

«መጠኑ ይጨመር» ወረቀት ላይ አንድ መስመር ናት። መሬት ላይ ግን የሚሸከመው ጋሪ ተለወጠ፤ ተራራ እየተቆረጠ መንገድ ተሠራለት፤ በመቶ የሚቆጠር ሰው ጎተተው። ከደብረ ታቦር መቅደላ ለመድረስ ከ5 ወር በላይ ፈጀ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ ጦርነቱ ሲለይ ያ ሁሉ ድካም ንጉሡን አላዳናቸውም። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ ተቀምጧል።

ልብ በሉ፤ የጠፋው ጉልበት ወይም ብልሃት አይደለም። ነሐሱ ቀልጧል፣ መድፉም ደርሷል። የጠፋው «ጃንሆይ፣ ይህች ለውጥ መንገዱንም፣ ጋሪውንም፣ ጊዜያችንንም ትበላለች» የሚል ሰው የሚደመጥበት ወንበር ነው።

ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ሁለተኛዋ ሳተላይት መጠቀች፤ 9 ኪሎ ገደማ ብቻ ነበረች። ዘግይቶ የመጣ ጥሩ ሐሳብም ቦታው እንዲህ ነው፦ በሚቀጥለው ምርት። ነገ በየመሥሪያ ቤታችን አለቃ «ትንሽ እናስተካክላት» ሲል፣ ምን ምን እንደምትነካ የሚጠይቅ አንድ ሰው በክፍሉ ውስጥ ይኑር። ጠይቆም በሰላም ቤቱ ይግባ።