ለመገናኘት ገንዘብ መጠየቅ፤ ስለ አውሮፓ የምርምር ኅብረት ማመልከቻ

የታሪክ ተማሪ ምንጭ ብሎ የሚፈልገው ዜና መዋዕልን፣ የርስት መዝገብን፣ የመንግሥታትን ውል ነው። ገንዘብ ለመጠየቅ የተጻፈ ማመልከቻ እንደ ታሪክ ሰነድ ሲቈጠር እምብዛም አይታይም። ይሁን እንጂ ሊቃውንት ሥራቸውን ከመጀመራቸው አስቀድመው ለባለገንዘቡ የጻፉት ወረቀት፣ በዘመናቸው ዕውቀት በምን መንገድ ይገኛል ተብሎ ይታመን እንደ ነበረ በግልጽ ያሳያል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የተነሣነው ከማመልከቻዎች ሁሉ አንዱን ዓይነት ነው፤ ይኸውም በአውሮፓ አገሮች ያሉ መርማሪዎች እርስ በርሳቸው ለመገናኘት ገንዘብ የሚጠይቁበት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ወደዚህ ጉዳይ ያመጣን የራሳችን ውድቀት መሆኑን መደበቅ አንፈልግም። ባለፈው ዓመት ሦስት ጓደኛሞች ሆነን፣ በአብያተ ክርስቲያናት የሚገኙ የብራና መጻሕፍትን አደጓጐስ ለማጥናት አስበን ለአንድ የውጭ መሥሪያ ቤት ስምንት ገጽ ማመልከቻ ላክን። ከስምንቱ ገጾች ስድስቱ ስለ ችግራችን የሚናገሩ ነበሩ፤ መኪና የለንም፣ የፎቶግራፍ ማንሻ የለንም፣ ለውሎ አበል የሚሆን ገንዘብ የለንም የሚሉ ናቸው። የመጣልን መልስ አራት መስመር ብቻ ሲሆን በመካከሉ አንድ ጥያቄ ነበረበት፤ «ይህን ሥራ ከእነማን ጋር ትሠሩታላችሁ?» የሚል። በዚያን ጊዜ ተናደድን። ኋላ ግን ጥያቄው ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ስንመረምር ረጅም ታሪክ ያለው ሆኖ አገኘነው።

አስቀድሞ ገንዘቡ ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። በአውሮፓ ለምርምር ኅብረት የሚሰጠው ገንዘብ ለመርማሪ ደመወዝ አይከፍልም፤ የቤተ ሙከራ ዕቃም አይገዛም። የሚከፍለው ለስብሰባ፣ ለመንገድና ለማደሪያ፣ ወጣት መርማሪ ወደ ሌላ አገር ሄዶ ጥቂት ሳምንት ለሚማርበት፣ ለአጭር የሥልጠና ጊዜና ለኅትመት ነው። ይህን ለጓደኞቻችን በነገርናቸው ጊዜ «ታዲያ ምርምሩን ማን ይሠራዋል?» ብለው ሳቁብን። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም፤ መልሱም የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ነው።

በ1960ዎቹ የምዕራብ አውሮፓ መንግሥታት በኮምፒዩተርና በኤሌክትሮኒክስ ሥራ አሜሪካ ጥላን ሄደች የሚል ሥጋት አድሮባቸው ነበር። የጋራ ገበያን የመሠረቱት ስድስቱ መንግሥታት በፈረንሳዊው ሊቅ በማሬሻል፣ በኋላም በሌላው ፈረንሳዊ በኤግሬን የሚመራ ቡድን በምን በምን ሥራ መተባበር እንደሚቻል እንዲያጠና አዘዙ። ነገር ግን ሥራው ቀና መንገድ አላገኘም። እንግሊዝ ወደ ገበያው ለመግባት ያቀረበችውን ጥያቄ ጄኔራል ደ ጎል በ1963 እና በ1967 ሁለት ጊዜ ስላገዱት፣ የሳይንሱ ትብብር እንግሊዝን ይጨምር ወይስ አይጨምር በሚለው ክርክር ጥናቱ ለጊዜው ተቋርጦ ነበር። የኤግሬን ሪፖርት በ1969 ቀረበ። በኖቬምበር 1971 የ19 መንግሥታት ሚኒስትሮች በብሩሴል ተሰብስበው፣ ኮስት ተብሎ የሚጠራውን የአውሮፓ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ትብብር መሠረቱ። በዚያ ገበታ ዙሪያ ከስድስቱ ሌላ የተቀመጡትን መመልከት ይጠቅማል፤ የፍራንኮ ስፔን፣ የቲቶ ዩጎዝላቪያ፣ ቱርክ፣ ስዊስ፣ ስዊድን፣ ፊንላንድ ነበሩበት። እንዲህ ያሉ መንግሥታት ገንዘባቸውን በአንድ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣሉ ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። ስለዚህ የተገኘው መላ እያንዳንዱ አገር የወደደውን ሥራ መርጦ እንዲገባ፣ የምርምሩንም ወጪ ራሱ እንዲችል፣ በጋራ የሚከፈለውም የማስተባበሪያው ብቻ እንዲሆን ነው።

ይህ ሥርዓት ለኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ደቦ ሲጠራ በሬውንና ሞፈሩን እያንዳንዱ ገበሬ ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ ጠሪው የሚያዘጋጀው ጠላውንና እንጀራውን ነው። የኮስት ገንዘብ ጠላው ነው። በሬ የሌለው ሰው ግን በደቦ ምን ይሆናል? ወደዚህ በኋላ እንመለስበታለን።

በዚህ መንገድ ከተጀመሩት ሥራዎች ፍሬያቸው በጉልህ የሚታየውን ሁለቱን ብቻ እንጥቀስ። የመጀመሪያው የአየር ጠባይ ትንበያ ነው። ከሁለት ሦስት ቀን አልፎ የሚመጣውን አየር አስቀድሞ ለማወቅ እጅግ ታላቅ ኮምፒዩተርና ከሰፊ ምድር የተሰበሰበ ልኬት ያስፈልጋል። በኮስት ጥላ ሥር የተጠናው ሐሳብ በ1973 ውል ሆኖ ተፈረመ፤ በ1975 የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማእከል በእንግሊዝ አገር በሬዲንግ ከተማ ተቋቋመ፤ በ1979ም መደበኛ ትንበያውን መስጠት ጀመረ። ሁለተኛው ኮስት 207 የተባለው ከ1984 እስከ 1988 የቈየ ሥራ ነው። የራዲዮ ሞገድ በጠፍጣፋ ገጠር፣ በከተማ ሕንጻዎች መካከልና በተራራማ አገር ሲያልፍ በእያንዳንዱ ስፍራ የተለየ ጠባይ ያሳያል፤ የዚህም ልኬት በብዙ አገሮች ተወስዶ በአንድነት ተዘጋጀ። ጂ.ኤስ.ኤም. የተባለው የተንቀሳቃሽ ስልክ ሥርዓት ሲሠራ የተፈተነው በነዚሁ ልኬቶች መሠረት ነው። ሆላንድ ብቻዋን ብታጠናው ተራራውን ከየት ታመጣዋለች?

ከዚህ በመነሣት የተሳካ ማመልከቻ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ለመረዳት ይቻላል። በፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ለባላገር ማመልከቻ የሚጽፈው ሰው ሞያው የደንበኛውን በደልና ችግር አጕልቶ ማሳየት ነው። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ባሕር ማዶ ላሉ ረጂዎች ደብዳቤ እንድንጽፍ ስንታዘዝ የተማርነው ይህንኑ ነበር፤ የጐደለንን ቈጥረን፣ አመስግነን፣ በበረከት እንዘጋለን። የኅብረት ማመልከቻ ግን ከዚህ የተለየ ነው። አመልካቹ ሊያስረዳ የሚገባው «የለኝም» የሚለውን ሳይሆን፣ ጥያቄው በተፈጥሮው በአንድ ቤት የማይፈታ መሆኑን፣ መልሱም ተቈራርጦ በብዙ እጅ የሚገኝ መሆኑን ነው። ዕውቀቱ አለ፤ ነገር ግን ተበታትኗል። ይህን ያላስረዳ ጽሑፍ ሐሳቡ የቱንም ያህል ድንቅ ቢሆን «በአገርህ የምርምር ገንዘብ ጠይቅ» ተብሎ ይመለሳል።

የኮስት ደንብ ራሱ ይህንኑ ያስገድዳል። አንድ ማመልከቻ ቢያንስ ከሰባት አባል አገሮች የመጡ አመልካቾች ሊኖሩት ይገባል፤ ከነዚህም መካከል በምርምር ኀይላቸው ዝቅ ካሉት አገሮች የሚመጡ ተሳታፊዎች እንዲኖሩበት ይጠየቃል። ሐተታው ከ15 ገጽ አይበልጥም፤ የሚፈቀደው ጊዜ አራት ዓመት ነው። ከሁሉም የሚያስገርመው ግን ሐተታው የአመልካቾቹን ማንነት እንዳይገልጽ መከልከሉ ነው። ቢያንስ ሦስት የውጭ ገምጋሚዎች ያነቡታል፤ የማን እንደ ሆነ ግን አያውቁም። እኛ ይህን ደንብ እጅግ ወደድነው። በሌላ ስፍራ የታወቀ ፕሮፌሰር ስም የደካማ ሐሳብ ምርኩዝ ሲሆን እናያለን፤ እዚህ ግን ጽሑፉ በራሱ እግር መቆም አለበት። ለጸሐፊው የሚያስቸግር መሆኑ ርግጥ ነው፤ «ባለፈው ጊዜ እንደ ጻፍነው» ማለት አይቻልምና፣ ሞያን ያለ ስም ማሳየት ያስፈልጋል።

አሁን ከኛ ጉዳይ ጋር ወደሚቀርበው ምሳሌ እንሸጋገር። ከኮስት ሌላ በ1974 በስትራስቡርግ የተቋቋመው የአውሮፓ ሳይንስ ፋውንዴሽንም ለምርምር መረቦች ገንዘብ ይሰጥ ነበር፤ ከአባል ድርጅቶቹ መካከል ሐሳቡን የወደዱት እያዋጡ የሚከፍሉት ነው። ከ2009 እስከ 2014 በዚህ መንገድ ከተረዱት ሥራዎች አንዱ የምሥራቅ የእጅ ጽሑፎች ንጽጽራዊ ጥናት ሲሆን፣ መሪው በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት መምህር የሆኑት ፕሮፌሰር አሌሳንድሮ ባውሲ ነበሩ። በዚህ መረብ የግዕዝ፣ የዐረብኛ፣ የአርመን፣ የቅብጥ፣ የጆርጂያ፣ የግሪክ፣ የዕብራይስጥ፣ የሶርያ፣ የስላቮንና የሌሎችም ቋንቋዎች የእጅ ጽሑፍ ሊቃውንት ተሰበሰቡ። ሥራው በአምስት ቡድን ተከፈለ፤ አንዱ ስለ መጽሐፉ አካልና ስለ ፊደሉ፣ ሌላው ጽሑፍን አነጻጽሮ ስለ ማሳተም፣ ሌላው በኮምፒዩተር ስለሚሠራው ጥናት፣ የቀሩት ስለ ካታሎግ አዘገጃጀትና ስለ መጻሕፍት አጠባበቅ የሚመክሩ ነበሩ።

ለምን ተሳካ? የሚከተለው የራሳችን ፍርድ ነው። የግዕዝ መጽሐፍን አደጓጐስ ብንወስድ፣ የእንጨቱ ገበታ፣ የጥራዞቹ አሰፋፍ፣ ክሩ እንደ ሰንሰለት እየተያያዘ የሚሄድበት ስልት ከጥንት የግብፅ ክርስቲያኖች መጻሕፍት ጋር ይመሳሰላል። ታዲያ ይህ ጥበብ በምን መንገድ መጣ፣ ምንስ ተለወጠበት የሚለውን የግዕዝ ሊቅ ብቻውን ሊመልስ አይችልም፤ የቅብጡም ሊቅ እንዲሁ። ሁለቱ በአንድ ገበታ ሁለቱን መጻሕፍት ገልጠው ማየት አለባቸው። ከዚህም በላይ የመረቡ ሰዎች በመጨረሻ የሚያስረክቡት ነገር የሚጨበጥ ሆነ፤ በ2015 አስተዋፅኦ ያደረጉት ሊቃውንት ሁሉ ሥራ ያለበት ወደ ሰባት መቶ ገጽ የሚደርስ መግቢያ መጽሐፍ ታተመ፤ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያነበው ይችላል። ስብሰባ ብቻ ያደረገ ኅብረት ትዝታው የምሳው ነው፤ ይህ ግን መጽሐፍ ተወ። ፋውንዴሽኑ የመረብ ገንዘብ መስጠቱን ካቆመ በኋላም ሊቃውንቱ መጽሔታቸውን ማሳተም አላቋረጡም።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ሦስት መቶ ሰባ ዓመት ያህል መመለስ ግድ ይሆንብናል። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1649 ሮማ ውስጥ በኢትዮጵያውያን መነኮሳት ቤት የአማራውን ሰው አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። ከሮማ ከተለያዩ በኋላ በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር። በ1652 የሳክስ ጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ግንቡ ጠርቶ አስተናገዳቸው፤ ሁለቱም ሰዎች በዚያ በጋ ተቀምጠው ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋ፣ ሕግና ታሪክ ተጠያየቁ። ሉዶልፍ በ1681 ላሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ላወጣው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ዋናው ምንጭ ይህ ግንኙነት ነው። መስፍኑ የከፈለው ለመንገድ፣ ለማደሪያና ለምግብ ነበር። በትክክል ኮስት ዛሬ የሚከፍለው ማለት ነው። አንዱ ቋንቋውን ሊማር ፈልጎ፣ ሌላው ቋንቋውን በአፉ ይዞ መጣ፤ በሬው የማን እንደ ነበረ አያጠራጥርም።

በዛሬው ደንብ ግን የአባ ጎርጎርዮስ ወንበር ወዴት ነው? በኮስት ሥራ አስተዳዳሪ ኮሚቴ ውስጥ እያንዳንዱ አባል አገር እስከ ሁለት ተወካይ ያስቀምጣል፤ ድምፅም ይሰጣል። እንደ ኢትዮጵያ ካለ ሩቅ አገር የሚመጣ ተቋም ለሁለቱም ወገን የሚጠቅም መሆኑ ታይቶ ሊገባ ይችላል፤ በኮሚቴው ግን ተመልካች ነው እንጂ ድምፅ የለውም። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ብቻ የተለየ የአጋርነት ስምምነት አላት። ይህን የምንለው ለቅሬታ አይደለም፤ አዋጪው መንግሥት ደንቡን ማውጣቱ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን ስለ ግዕዝ መጻሕፍት የሚጠየቀው ጥያቄ በማን ይመረጣል የሚለው ጉዳይ ለኛ ቀላል አይደለም። የአጻጻፉ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚጠራ ሰው የተዘጋጀውን ጥያቄ ይመልሳል እንጂ የራሱን አያቀርብም። መጻሕፍቱ በኛ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ የሚደጕሱትና የሚጠርዙት ባለሞያዎችም በሕይወት አሉ። ይህ በሬ ነው፤ በሬ እንዳለን ግን ደቦው ከመጠራቱ በፊት መናገር አለብን። መምህሮቻችንም ተማሪዎችን በውጭ ስብሰባ ንባብ እንዲያቀርቡ ብቻ ሳይሆን፣ ገና ማመልከቻው ሲረቀቅ ከሚያረቁት ጋር እንዲጻጻፉ ቢያበረታቱን ደስ ይለናል።

በአሁኑ ጊዜ ሦስታችን ሁለተኛውን ማመልከቻ እየጻፍን ነው። ስለ መኪናውና ስለ ፎቶግራፍ ማንሻው የሚናገረው ስድስት ገጽ ወጥቶ በምትኩ አንድ ጥያቄ ገብቷል፤ ይኸውም ዛሬ በሕይወት ያሉት ደጓሾች የሚሰፉበት ስልት በጥንት መጻሕፍት ላይ ከሚታየው በምን ይለያል የሚል ነው። ስለዚሁ በሦስት አገሮች ለሚገኙ የቅብጥና የሶርያ መጻሕፍት ተመራማሪዎች ደብዳቤ ልከናል። ሁለቱ መልሰዋል። አንዷ የክሩን አሰካክ የሚያሳይ ሥዕል ጠይቃናለች፤ ሥዕሉን የሠሩልን አንድ ሽማግሌ ደጓሽ ናቸው፤ እርሳስ ይዘው እያጕረመረሙ በሁለት ቀን ጨረሱት።