የእርጅና ስንቅ

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት በአገራችን የቆየ ነው። በዚህ አጭር ቃል ውስጥ ሁለት ሥራ አለ። መጦር ማለት የደከመውን ሰው ማብላት፥ ማጠብ፥ ማንሣትና ማስተኛት ነው፤ መቅበር ማለት ደግሞ የሞተውን በክብር መሸኘት ነው። የመጀመሪያው ሥራ ዓመታት ይፈጃል፤ ሁለተኛው በጥቂት ቀናት ያልቃል። ነገሩን በጥንቃቄ የተመለከተ ሰው ግን አንድ የሚያስገርም ነገር ያገኛል። በጥቂት ቀናት ለሚያልቀው ሥራ ዕድር አቋቁመን፥ በየወሩ ገንዘብ አዋጥተን፥ ድንኳንና ወንበር ገዝተን እንጠብቃለን። ዓመታት ለሚፈጀው ሥራ ግን ምንም ስንቅ ሳንይዝ «ልጅ አለኝ» ብለን ብቻ እንቀመጣለን።

ወጣቶች ሆይ፥ ይህን የምጽፍላችሁ ዕድርን ለመንቀፍ አይደለም። ዕድር ለአንድ ቤት የከበደውን ለብዙ ቤት አካፍሎ የሚያቀልል ትልቅ ጥበብ ነው። የእኔ አሳብ ይህ ጥበብ ለመጦርም ሊውል እንደሚችል ከሁለት ሕዝቦች ታሪክ ለማሳየት ነው። ዘመኑን የምቈጥረው፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የመጀመሪያው ሕዝብ የጀርመን ሕዝብ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ፋብሪካ በበዛ ጊዜ ወጣቱ ከገጠር ወደ ከተማ ፈለሰ፤ ሠራተኛውም ሲያረጅ ከእርሻውና ከዘመዱ ርቆ፥ ደመወዙም ተቋርጦ ይቀር ነበር። በቻንስለር ቢስማርክ ጊዜ፥ በ1889፥ የእርጅናና የአካል ጉዳት መድን ሕግ ወጣ፤ ከ1891 መጀመሪያም ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ሠራተኛውና አሠሪው እኩል ያዋጣሉ፤ መንግሥትም ይጨምርበታል። የጡረታው ዕድሜ በመጀመሪያ 70 ዓመት ነበር፤ በ1916 ወደ 65 ዝቅ አለ።

ይህ ሕግ ለብዙ አገሮች ምሳሌ ሆነ። ዳሩ ግን ዘመን በረዘመ ቍጥር አንድ ጉድለት ተገለጠ። ጡረታ ዳቦ ይገዛል፤ ዳቦውን ቈርሶ የሚያጎርስ እጅ ግን ሌላ ዋጋ አለው። አርባ ዓመት የሠራ ሰው ጕልበቱ ሲከዳው ወደ አረጋውያን መኖሪያ ይገባል፤ የዚያ ቤት ክፍያ ከጡረታው ይበልጣል፤ ያጠራቀመው ያልቃል፤ በመጨረሻም ለድኾች ወደሚሰጠው የመንግሥት ርዳታ ይሄዳል። ዕድሜውን ሁሉ በራሱ ላብ ለኖረ ሰው ይህ መራራ ነበር።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል ስለዚህ ነገር ተከራከሩ። ሁሉም ስንቁ አስፈላጊ እንደ ሆነ ያምናል፤ «ማን ይክፈል?» ሲባል ግን አሠሪው ወደ ሠራተኛው፥ ሠራተኛው ወደ መንግሥት ይጠቁም ነበር። በመጨረሻ የሥራ ሚኒስትር በነበሩት በኖርበርት ብሉም ጊዜ፥ በ1994፥ የመጦሪያ መድን ሕግ ወጣ። ከጥር 1995 ጀምሮ ከደመወዝ ከመቶ 1 እጅ ይሰበሰብ ጀመር። ሦስት ወር ከተጠራቀመ በኋላ፥ በሚያዝያ፥ በቤታቸው ለሚጦሩት ርዳታ መሰጠት ተጀመረ። በሐምሌ 1996 በአረጋውያን መኖሪያ ላሉትም ሲደርስ መዋጮው ወደ ከመቶ 1.7 ከፍ አለ። አስቀድሞ መሰብሰብ፥ ኋላ መስጠት፤ የስንቅ ሕግ ይህ ነውና።

መዋጮው ለአሠሪዎች እንዳይከብድ ምን እንዳደረጉ ልብ በሉ። በኅዳር ወር ይከበር የነበረውን የንስሓና የጸሎት በዓል ከሥራ በዓላት ዝርዝር ሰረዙት። ሠራተኛው በዓመት አንድ የዕረፍት ቀኑን ሰጥቶ ለድካሙ ዘመን መጦሪያ አደረገው ማለት ነው። በዓሉን አንለቅም ያለችው የሳክሶኒ ክፍለ አገር ብቻ ናት፤ በዚያ ያለው ሠራተኛ ከሌላው የበለጠ መዋጮ ይከፍላል። በነጻ የሚገኝ ስንቅ የለም።

ሕጉ ሌላም መልካም ነገር አለው። እናትዋን ወይም አባትዋን ለመጦር ሥራዋን የተወች ሴት በራስዋ እርጅና ባዶ እጅዋን እንዳትቀር፥ መድኑ ለእርስዋ የጡረታ መዋጮ ይከፍልላታል። ይሁን እንጂ መድኑ ወጪውን ሁሉ አይሸፍንም፤ የቀረውን ሰው ከራሱ መሙላት አለበት። ስለዚህ በጀርመን አገርም ቢሆን የግል ቍጠባ አልቀረም።

ሁለተኛው ሕዝብ የጃፓን ሕዝብ ነው። በጃፓን ልማድ ሽማግሌዎችን የምትጦር በተለይ የልጅ ሚስት ነበረች። በ1972 ሳዋኮ አሪዮሺ የምትባል ደራሲ አእምሮው የደከመ አማቷን ስለምታስታምም አንዲት ሠራተኛ ሴት ልብ ወለድ ጻፈች፤ መጽሐፉ እጅግ ብዙ አንባቢ አገኘ። በየቤቱ ተሸፍኖ የነበረውን ድካም አደባባይ አውጥቶታልና።

በ1973 መንግሥት ዕድሜያቸው 70 የሞላ ሰዎች በነጻ እንዲታከሙ አደረገ። አሳቡ ደግ ነበር፤ ፍጻሜው ግን ያልታሰበ ሆነ። በቤት የሚጦራቸው ያጡ ሽማግሌዎች፥ ሕክምና ሳይሆን ጧሪ ብቻ የሚያስፈልጋቸው ሲሆኑ፥ በሆስፒታል አልጋ ላይ ለወራትና ለዓመታት ተኝተው ቀሩ። ወጪው እየከበደ ስለ ሄደ በ1982 በወጣው ሕግ ነጻው ሕክምና ቀረ። ከዚህ የምንማረው፥ ደግነት ሒሳብ ካልተደረገለት ብዙ እንደማይዘልቅ ነው።

በ1970 ከጃፓን ሕዝብ ከመቶ 7 እጅ ያህሉ 65 ዓመት የሞላው ነበር፤ በ1994 ከመቶ 14 ሆነ። ስለዚህ በ1997 ሕግ አውጥተው ከሚያዝያ 2000 ጀምሮ የመጦሪያ መድን አቆሙ። ዕድሜው 40 የሞላ ሁሉ ያዋጣል። አርባ ዓመት ሰው ወላጆቹ የሚደክሙበት፥ የራሱም እርጅና ከሩቅ የሚታይበት ዕድሜ ነውና። ገንዘቡ እኩሌታው ከመዋጮ፥ እኩሌታው ከግብር ይመጣል፤ ተጧሪውም ያን ጊዜ ከወጪው ዐሥረኛውን እጅ ይከፍል ነበር፤ ኋላ ገቢያቸው ደኅና የሆኑት ከዚህ የበለጠ እንዲከፍሉ ተደርጓል። ጃፓኖች ለቤተ ሰብ በእጅ ገንዘብ አንሰጥም አሉ። ምክንያቱም ገንዘቡ ቢሰጥ ሸክሙ ተመልሶ በምራቲቱ ጫንቃ ላይ ይወድቃል ብለው ስለ ፈሩ ነው፤ በገንዘቡ ፈንታ አስታማሚውን ራሱን ይልካሉ።

ይህም ሁሉ ሆኖ ዋጋው እየጨመረ ሄዷል። 65 ዓመት የሞላው ሰው የሚከፍለው የወር መዋጮ፥ በአገሩ አማካይ፥ በመጀመሪያ 2,911 የን ነበር፤ ለ2024 እስከ 2026 የተወሰነው 6,225 የን ነው። ጃፓኖች መዋጮውን በየሦስት ዓመቱ እንደገና ያሰሉታል። ስንቅ አንድ ጊዜ ተቋጥሮ የሚረሳ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በ1961 በአዋጅ ተደነገገ፤ በእኛ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ሕግ ወጣ። ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7፥ አሠሪው ከመቶ 11 ያዋጣሉ። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ገበሬው፥ ጉልቱ ነጋዴና የቀን ሠራተኛው አብዛኛው በዚህ ውስጥ አይገኝም። ያገኘውም ቢሆን ያገኘው የዳቦውን እንጂ የእጁን ዋጋ አይደለም። በውጭ አገር ያለ ልጅ ገንዘብ ይልካል፤ እጁን ግን ሊልክ አይችልም።

ታዲያ ዛሬ የመጦሪያውን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? በአስተማሪነቴ ዘመን በሒሳብ ከክፍሏ አንደኛ የነበረች ልጅ አውቃለሁ። አያቷ ሽባ ሆነው አልጋ ላይ በዋሉ ጊዜ ወንድሞቿ በትምህርታቸው ሲቀጥሉ እርስዋ ቤት ቀረች። አያቷን በፍቅር ጦረች፤ ምርቃታቸውንም ተቀበለች። ዳሩ ግን የዚያን ቤት የመጦሪያ ወጪ በሙሉ የከፈለችው አንዲት የ15 ዓመት ልጅ መሆንዋን ማንም አልቈጠረውም። ያልተሰላ ወጪ ያልተከፈለ ወጪ አይደለም፤ አንድ ሰው በዝምታ ይከፍለዋል፤ ብዙ ጊዜም ከቤቱ ሁሉ ደካማዋ ናት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መጀመሪያ፥ ወላጆቻችሁ ገና መናገርና ማዘዝ ሲችሉ፥ ከወንድሞቻችሁና ከእኅቶቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ማን ያድራል? ማን ይከፍላል? አስታማሚ ቢቀጠር ደመወዙ ስንት ነው? ስለ እርጅና መነጋገር ሟርት አይደለም። ስለ ቀብር በየወሩ እየተሰበሰብን የምንነጋገር ሰዎች ይህን ልንፈራ አይገባንም።

ሁለተኛ፥ በጊዜ ጀምሩ። በ25 ዓመቱ በየወሩ 200 ብር ማስቀመጥ የጀመረ ሰው ወለዱ ሳይቈጠር በ60 ዓመቱ 84,000 ብር ይኖረዋል። በ45 ዓመቱ የነቃ ግን ያንኑ ለማግኘት በየወሩ 467 ብር ያህል ማስቀመጥ አለበት። የብር ዋጋ እየቀነሰ ስለሚሄድም፥ እንደ ጃፓኖች በየጊዜው እያሰላችሁ ጨምሩበት።

ሦስተኛ፥ ብቻችሁን አትሸከሙት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል። መቶ ቤት ያለው ዕድር በየወሩ ጥቂት ብር ለብቻው ቢያስቀምጥ፥ አልጋ ላይ ለዋለ አባል አስታማሚ ለመቅጠር መነሻ ይሆነዋል። ድንኳኑን የገዛው ማኅበር ይህን ማድረግ የሚያቅተው አይመስለኝም።

ገንዘብ ፍቅርን ይተካል ብዬ አላስተምራችሁም። ፍቅር የሌለበት ቤት ውስጥ የተቀጠረ አስታማሚ ቀዝቃዛ እጅ ነው። ነገር ግን ስንቅ የሌለው ፍቅር ሌሊቱን ሲነቃ፥ ቀኑን ሲሸከም፥ በሦስተኛው ዓመት ይዝላል፤ ከዚያም በገዛ ወላጅ ላይ ማጕረምረም ይመጣል። ጕልበታችሁ በሙሉ ሳለ የምታስቀምጡት ብር ያን ማጕረምረም ያስቀራል፤ ሴት ልጃችሁንም ከትምህርት ቤቷ አያስቀራትም።