ባሚያ፦ ከሸጎሌ እስከ አረብ ቤት

አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ወጣት ስለ ባሚያ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «ምንድነው እሱ?» ይላል፤ ወይ «የአረቦች ምግብ ነው» ይላል። ሁለተኛው መልስ ቢያንስ ስሙን በትክክል አንብቧል። «ባሚያ» ከአረብኛ የተዋስነው ቃል ነውና። ችግሩ ስሙን ተከትለን አትክልቱንም ለአረብ ማስረከባችን ላይ ነው።

ከሩቁ እንጀምር። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው የሶቭየት የዕፅዋት ሊቅ በ1919 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1927) ወደ አገራችን መጥቶ፣ አዲስ አበባ ላይ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ፣ በየአውራጃው ዘር ሲሰበስብ ከረመ። በኋላም የዓለምን ሰብሎች በየመነሻቸው ሲከፋፍል ኢትዮጵያን አንዷ ማዕከል አደረጋት፤ በዝርዝሩ ውስጥም ከጤፍ፣ ከኑግና ከቡና ጋር ባሚያን አሰፈረ። በርግጥ ሁሉም አይስማማም። ምዕራብ አፍሪካን የሚጠሩ አሉ፤ ህንድን የሚጠሩም አሉ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

የማያከራክረው ነገር ሌላ ነው። በቤኒሻንጉልና በጋምቤላ ቆላዎች ባሚያ ከጥንት ጀምሮ የጓሮ አትክልት ነው። በርታዎችና ጉሙዞች በየቋንቋቸው የሚጠሩበት የራሳቸው ስም አላቸው። ትኩሱን ወጥ ይሠሩታል፤ የተረፈውን አድርቀው ይፈጩና ለገንፎ ማባያ ያደርጉታል። ድንበር ተሻግራችሁ ሱዳን ብትገቡ ይኸው ዱቄት «ወይካ» ይባላል። እንግዲህ ባሚያ «የውጭ» ከሆነ፣ አሶሳም ውጭ ናት ማለት ነው። እኛን ያሳሰበን ይሄ ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ከአዲስ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ሸጎሌ የሚባል ሰፈር አለ። ታክሲ ውስጥ ስሙ በቀን ስንት ጊዜ ይጠራል! ሸጎሌ የተባለው በአሶሳው ገዥ በሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ስም ነው፤ ሼሁ በዚያ ቤተ መንግሥት ነበራቸው። የራስ መኮንን ጦር በ1890 ዓ.ም ቤኒሻንጉልን ካስገበረ በኋላ ከዚያ አገር ወደ መሐል ወርቅ መጣ። ከወርቁ ጋር ሰውም መጣ፣ በባርነት። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም ነው። እስከዚያ ድረስ ውሃ የቀዳው፣ እንጨት የፈለጠው፣ እህል የፈጨው ማን እንደሆነ ታሪክ ይናገራል።

የከተማው ገበታ ግን ከእነዚህ ሰዎች ስም አልተዋሰም። የተዋሰው ከነጋዴ ነው። ጣሊያን በ1928 እና በ1933 ዓ.ም መካከል ዋናውን ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ሲያዛውረው «መርካቶ» የሚለውን ስም ትቶልን ሄደ። የመን አረቦችም በዚህ ገበያና በየሰፈሩ ሱቅ ከፍተው ይነግዱ ነበር። «አረብ ቤት» የምንለው ሱቅ ስሙን ያገኘው ከእነሱ ነው። ስኳርና ጨው ከእነሱ ገዛን፤ «ባሚያ» የሚለውን ቃልም ከቋንቋቸው ወሰድን። ይሄ በራሱ ነውር የለውም፤ ገበያ ባለበት ቃል ይገበያያል። የሚገርመው የማንን ቃል እንደተውን ነው።

ከአሜሪካ ጋር አነጻጽሩት። ባሚያ አትላንቲክን የተሻገረው ከአፍሪካ በባርነት ከተጋዙት ሰዎች ጋር ነው። እንግሊዝኛው «ኦክራ» ከናይጄሪያ ኢግቦዎች፣ «ጋምቦ» ደግሞ ከአንጎላ የባንቱ ቋንቋዎች የመጣ ነው። ያ ጨካኝ ሥርዓት እንኳ ቃሉን ከባሪያዎቹ አፍ ተቀበለ። እኛ ወርቁንና ጉልበቱን ተቀብለን ስሙን በር ላይ መለስነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንዱ መልስ መትከል ነው። «አዲስ ከተማ ውስጥ ጓሮ ከየት ይመጣል?» ለምትሉ፣ ከምን አለሽ ተራ የተገዛ አሮጌ ጀሪካን ከላይ ተቆርጦ ከታች ከተበሳ ይበቃል። ባሚያ የቆላ ልጅ ስለሆነ 2,300 ሜትር ላይ ይበርደዋል። ስለዚህ ዘሩን አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ በየካቲት ወይም በመጋቢት ትከሉት። ጀሪካኑን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ከሚመታው የቆርቆሮ አጥር ሥር አስጠጉት። ቆርቆሮው ሙቀቱን ይመልስለታል።

ቢጫ አበባው አንድ ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። ፍሬው በሞቃት አገር ከአበባው በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ቀን ባለው ጊዜ ይቆረጣል። «ትንሽ ይደግ» ብሎ መተው የጀማሪ ሁሉ ፈተና ነው፤ የዘገየ ባሚያ እንጨት ይሆናል። ጫፉን ቀንጥቡት፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ለወጥ ነው፣ ከተጣጠፈ አልፎበታል። ያረጀውንም ቢሆን ግንዱ ላይ አትተዉት። ተክሉ ጉልበቱን ዘር ማብሰል ላይ ያውልና ማበቡን ይቀንሳል። ቆርጣችሁ ፈልቅቁት፤ ፍሬው ገና ለስላሳ ከሆነ እንደ አተር ይቀቀላል። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ (እ.ኤ.አ. 1861–1865) ቡና ያጡ የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሰዎች የደረቀውን ፍሬ ቆልተው፣ ፈጭተው እንደ ቡና ጠጥተውታል። ለኛ ቡና ጠጪዎች የሚመከር አይደለም።

አንድ ወይም ሁለቱን ግን ሆን ብላችሁ እስኪደርቁ ተዉ። የከርሞ ዘር ናቸው። የአሶሳ እናቶች ባሚያን እስከዛሬ ያቆዩት እንዲህ ነው፤ ያረጀውን ሳይጥሉ፣ ዘሩን ከዓመት ዓመት እያሸጋገሩ። አገሪቱ የዘር ባንኳን ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። እነሱ ከዚያ በፊት ባንክ ነበሩ። በሚቀጥለው ጊዜ «ባሚያ የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ካለ፣ ከአረብ ቤቱ በፊት ሸጎሌን አሳዩት።