ድምፅና ምስል በቴሌኮም መስመር፦ የድኅረ ምረቃ ትምህርቱ ምን ይመረምራል?

አንድ የቀጥታ ሥርጭት ከስቱዲዮ ተነሥቶ ከተመልካቹ ስልክ እስኪደርስ ድረስ በርካታ መሣሪያዎችንና መስመሮችን ያልፋል። በዚህ ጉዞ ድምፁ እንዳይቆራረጥ፣ ምስሉም እንዳይቆም የሚያደርገው ዕውቀት በማስተርስና በዶክትሬት ደረጃ ይጠናል። ዘርፉ የኤሌክትሪካል ምሕንድስናን፣ የኮምፒዩተር ሳይንስንና ሒሳብን ያጣምራል።

መረጃን መጭመቅ

የትምህርቱ የመጀመሪያ ጥያቄ የመጠን ጥያቄ ነው። በ1920 በ1080 ነጥቦች የተሠራ፣ በሰከንድ 25 ምስሎችን የሚያሳይ ቪዲዮ እያንዳንዱ ነጥብ በ24 ቢት ቢመዘገብ በሰከንድ 1 ነጥብ 24 ቢሊዮን ቢት ይሆናል። ይህን በሰከንድ 5 ሚሊዮን ቢት በሚያስተላልፍ መስመር ለመላክ 250 ጊዜ ያህል መቀነስ ያስፈልጋል።

ለዚህ መሠረት ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ናሲር አሕመድ ከዶክትሬት ተማሪው ናታራጃንና ከባልደረባው ራኦ ጋር እ.አ.አ በ1974 ያሳተመው የሒሳብ ስልት ነው። ስልቱ የሰው ዓይን ብዙም የማይለያቸውን የምስል ዝርዝሮች ነጥሎ ለመቀነስ ያስችላል። ዛሬም በጄፔግ ፎቶዎችና በበርካታ የቪዲዮ መጭመቂያዎች ውስጥ ይሠራል።

ጊዜን መጠበቅ

ሁለተኛው ጥያቄ መዘግየት ነው። ጽሑፍ ወይም ፋይል ሲላክ የጠፋው የመረጃ ጥቅል ተመልሶ ይጠየቃል። በስልክ ንግግር ግን ዘግይቶ የሚደርስ ጥቅል ከጠፋ አይለይም። እ.አ.አ በ1996 የወጣው አርቲፒ የተባለው የግንኙነት ደንብ እያንዳንዱን ጥቅል ተራ ቁጥርና የሰዓት ምልክት የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ተቀባዩ መሣሪያ በእነዚህ እየተመራ ጥቅሎቹን በቅደም ተከተል ያጫውታል።

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለአብዛኛው ንግግር የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ በታች እንዲሆን ይመክራል። ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ ሳተላይት የሚሄድ ድምፅ ግን ሽቅብና ቁልቁል ለመጓዝ ብቻ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በእንዲህ ዓይነት ጥሪ ሁለት ሰዎች ሳያስቡት እኩል የሚናገሩት ለዚህ ነው።

አስቀድሞ ለተቀረጸ ቪዲዮ መፍትሔው ሌላ ነው። ቪዲዮው በአጫጭር ክፍሎች ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ክፍል በተለያየ የጥራት ደረጃ ይዘጋጃል። የተመልካቹ መሣሪያ የመስመሩን አቅም እየለካ ተገቢውን ደረጃ ይመርጣል።

ጥራትን መመዘን

ተመራማሪዎች ሰዎችን ሰብስበው ያዳመጡትን ድምፅ ወይም ያዩትን ምስል ከ1 እስከ 5 እንዲመዝኑ ያደርጋሉ። ይሁን እንጂ ይህ ምዘና ከቋንቋ ተነጥሎ አይታይም። የተለመደው ስልክ የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3 ሺህ 400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ሲሆን፣ የ“ሰ” ድምፅ ጉልበት በአብዛኛው ከዚያ በላይ ነው። በመሆኑም “ሠራ” የተባለው “ፈራ” ተብሎ ሊሰማ ይችላል። እስከ 7 ሺህ ኸርዝ የሚያስተላልፉ አዳዲስ ስልቶች ይህን ልዩነት ይመልሳሉ። እንደ “ተ”ና “ጠ” ያሉ ጥንዶችም በአማርኛ ተናጋሪ አድማጮች ካልተፈተኑ በሌላ ቋንቋ የተገኘ ውጤት አይተካቸውም።

ለኢትዮጵያ ያለው ፋይዳ

በኢትዮጵያ አብዛኛው የኢንተርኔት ተጠቃሚ የሚገናኘው በሞባይል ነው፤ አገልግሎቱንም በዳታ ጥቅል ይገዛል። ስለዚህ በመጭመቅ የሚቀንስ እያንዳንዱ ሜጋባይት ከኪሱ የሚተርፍ ገንዘብ ነው። በተራራማ አካባቢ መስመሩ ሲዳከም ምስሉ ቢደበዝዝም ድምፁ እንዲቀጥል ማድረግ፣ ከሐኪም ጋር በርቀት ለሚነጋገር ታማሚም ሆነ በርቀት ለሚማር ተማሪ ትልቅ ትርጉም አለው። የትኛው ይቅደም፣ የትኛውስ ይቅር የሚለውን ለመወሰን የአገሩን መስመር የለካ፣ የአገሩንም ቋንቋ የሚያዳምጥ ተመራማሪ ያስፈልጋል።