ድባቴ

ድባቴ ሰው ዘወትር ሲከፋው ወይም ቀድሞ ደስ ይለው የነበረው ሁሉ ሲያስጠላው፣ ይህም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ሳይለቀው የሚቆይበት የአእምሮ ሕመም ነው። በዓለም ዙሪያ በብዛት ከሚታዩት የአእምሮ ሕመሞች አንዱ ሲሆን፣ ሌላው የጭንቀት ሕመም ነው፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ላይ አብረው ይገኛሉ። ሐዘንተኛ ሁሉ ድባቴ ያዘው አይባልም። ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ያለቅሳል፤ ከለቀስተኛው መካከል ቀልደኛ ሲገኝ ደግሞ ይስቃል። በድባቴ የተያዘ ሰው ግን ቀልዱም አይደርሰውም።

ሕመሙ እንቅልፍን ያዛባል፣ በተለይ ሌሊት ቀድሞ መንቃት የተለመደ ነው። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል ወይም ከልክ ያልፋል፤ ጉልበት ይከዳል፤ ሐሳብ አልሰበሰብ ይላል። ሰውየው ራሱን ይወቅሳል፣ ለቤተሰቡ ሸክም እንደሆነ ያምናል፣ ሞቱንም ሊመኝ ይችላል። በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ግን ታካሚው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ሰውነቱ ነው፦ ራሴን ያመኛል፣ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ገላዬ ይዝላል። ጠያቂ ካላገኘ የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። በአንጻሩ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግር ድባቴ ሊመስሉ ስለሚችሉ ምርመራቸው መዘለል የለበትም።

መንስኤው አንድ አይደለም። የዘር ውርስ፣ ሐዘን፣ ድህነት፣ ጥቃት፣ ሥር የሰደደ ሕመምና ወሊድ ሁሉም ድርሻ አላቸው። በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለ ንጥረ ነገር ሲያንስ ይመጣል የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ነገሩን ከልክ በላይ ያቀለዋል። ፓስፖርቷ ተይዞባት፣ ከቤት እንዳትወጣ ተከልክላ በዐረብ አገር የምትሠራ ወጣት ድባቴ ሲይዛት፣ መነሻውን ከኑሮዋ ነጥሎ መፈለግ ከንቱ ነው።

ቀለል ያለ ድባቴ ያለ መድኃኒት፣ በንግግር ሕክምና ብቻ ሊድን ይችላል። ለዚህም የግድ ስፔሻሊስት አያስፈልግም። የዚምባብዌው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ በሐራሬ ሴት አያቶችን አሠልጥኖ፣ በጤና ተቋም ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ከታካሚዎች ጋር እንዲወያዩ አድርጓል። አያቶቹ ምክር አያዘንቡም፤ ታካሚው ችግሮቹን ዘርዝሮ አንዱን እንዲመርጥና የሚሞክረውን መፍትሔ ራሱ እንዲያመጣ ያግዙታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት በዚህ መንገድ የታገዙት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ይልቅ ምልክታቸው በግልጽ እንደቀነሰ አሳይቷል።

ሕመሙ ሲከብድ መድኃኒት ይታከላል። የመጀመሪያዎቹ ፀረ ድባቴ መድኃኒቶች የተገኙት ሳይታሰብ ነው፤ ስዊዘርላንዳዊው ሮላንድ ኩን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኢሚፕራሚንን የሞከረው ለስኪዞፍሬንያ ነበር። ከዚያው ወገን የሆነው አሚትሪፕቲሊን ዛሬም በሰፊው ይታዘዛል፤ አፍ ያደርቃል፣ ያስተኛል፣ ከመጠን በላይ ከተወሰደ ልብን ይጎዳል። ፍሉኦክሰቲን በዚህ ረገድ ይሻላል። መድኃኒቶቹ ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይፈጃሉ፤ ብዙዎች የሚያቋርጧቸውም በዚህ መሐል ነው። ቢሻልም ለወራት መቀጠል ያስፈልጋል። ታካሚው ቀደም ሲል ያለ ልክ የተደሰተበት፣ እንቅልፍ ያላሻው ጊዜ ከነበረ ግን ሕመሙ ባይፖላር ሊሆን ስለሚችል ፀረ ድባቴ ብቻውን አይሰጠውም።

በኢትዮጵያ የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ስለዚህ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች እንዲወርድ እየተደረገ ነው። ብዙ ሰው አስቀድሞ ጸበል ይሄዳል፤ ጸበሉና ክኒኑ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ የሚጎዳው መድኃኒቱን አቁም ሲባል ነው።

ራስን ስለማጥፋት ያስብ እንደሆነ ታካሚን በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። አስባለሁ ካለ ብቻውን አይተውም፤ በቤት ያለ የተባይ መርዝና የተከማቸ ክኒን ከአጠገቡ ይነሣል፣ በዚያው ቀንም ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል።